ያልተነሣው ስልክ፦ ስለ «ብላክ ክሪስማስ» ፊልም ፍጻሜ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1974 በካናዳ፣ በዲሴምበርም በአሜሪካ ለሕዝብ የቀረበው «ብላክ ክሪስማስ»፣ በእኛ አባባል «ጥቁር ገና»፣ የሚደመደመው በስልክ ጥሪ ነው። ስልኩ ይጮኻል፤ የተዋንያኑና የባለሙያዎቹ ስም ዝርዝር ማለፍ ይጀምራል፤ ሙዚቃ የለም፤ ስልኩ አሁንም ይጮኻል፤ የሚያነሣው ግን የለም። ተመልካቹ ከመቀመጫው ሲነሣ በጆሮው የሚቀረው ይኸው ጩኸት ነው። ደዋዩ ማን ነው? በላይኛው ፎቅ በመድኃኒት ኀይል ተኝታ የተተወችው ወጣት በሕይወት አለች ወይስ የለችም? ፊልሙ ከተሠራ ግማሽ ምእተ ዓመት ቢያልፍም ተመልካቾች በዚህ ላይ መከራከራቸውን አላቋረጡም።

አስፈሪ ፊልም የገበያ ሸቀጥ ነውና በኪነ ጥበብ መጽሔት ገጽ ሊወሳ አይገባውም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። አብዛኛው እንዲያ መሆኑን አልክድም። ቢሆንም የአንድ ዘመን ፍርሃት ተቀምጦ የሚገኘው ዘመኑ በኩራት ባቆማቸው ሐውልቶች ውስጥ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ፣ ለመዝናኛ ብሎ በሠራቸው ተራ ነገሮች ውስጥ ነው። ፍጻሜውን ሳያስር የተወ ድርሰት ደግሞ ለታሪክ ተመራማሪ ልዩ ጥቅም አለው፤ ክፍት የተተወውን ቦታ ሰዎች በምን እንደሚሞሉት ያሳያል። ስለዚህ ፊልም ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «ገዳዩ ማን ነው?» የሚል ነው። እኔ ግን የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው እላለሁ፤ ይኸውም የተሳሳተው መልስ ሁሉንም እንዴት ሊያረካ ቻለ የሚለው ነው።

ፊልሙ የተሠራው በቶሮንቶ ከተማ ነው። አዘጋጁ ቦብ ክላርክ በትውልዱ አሜሪካዊ ሲሆን ሥራውን ወደ ካናዳ ያዛወረ ሰው ነበር። ድርሰቱን የጻፈው ሮይ ሙር ነው። የካናዳ መንግሥት በጎረቤቱ ፊልሞች የተጥለቀለቀውን የአገሩን ገበያ አይቶ በ1967 በሕግ ያቋቋመው የፊልም ልማት ኮርፖሬሽን ከገንዘብ ሰጪዎቹ አንዱ ነበር። የታሪኩ ዘር በ1960ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ወጣቶች ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፍ የነበረ ወሬ ነው። ሕፃናት እንድትጠብቅ ማታ ብቻዋን የተተወች ልጃገረድን አንድ የማታውቀው ሰው በስልክ ያስፈራራታል፤ ጥሪው ከየት እንደሚመጣ ሲጣራ ደዋዩ እዚያው ቤት፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ሆኖ ይገኛል።

በፊልሙ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ለገና በዓል ሊዘጋ ነው። የአንድ የሴት ተማሪዎች ማኅበር አባላት በሚኖሩበት ሰፊ አሮጌ ቤት ግብዣ ተደርጓል። ካሜራው የአንድ ሰው ዐይን ሆኖ በቤቱ ዙሪያ ይዞራል፤ የሰውየው ትንፋሽ ይሰማል፤ በግድግዳው ላይ በተያያዘው የሐረግ መደገፊያ ተንጠላጥሎ ወጥቶ ከጣሪያው ሥር ወዳለው ቆጥ በመስኮት ይገባል። ይህን ትርኢት ለማንሣት የካሜራ ባለሙያው በርት ደንክ ካሜራውን በገዛ አካሉ ላይ አስሮ ግድግዳውን ራሱ ወጥቶታል። ገዳዩን ሙሉ ፊቱን እስከ መጨረሻው አናየውም፤ ከአንድ ዐይኑና ከድምፁ በቀር የምናውቀው ነገር የለም። በስልክ ሲደውል በወንድም፣ በሴትም፣ በሕፃንም ድምፅ ይናገራል፤ ቢሊና አግነስ የሚባሉ ስሞችን እየጠራ አንድ የተሠራ ክፉ ነገር እንዳይነገር ይለምናል። ነገሩ ምን እንደሆነ አይገለጽም።

መጀመሪያ የምትሞተው ክሌር ናት። አስከሬኗ ፊቷ በላስቲክ እንደተሸፈነ በቆጡ መስኮት አጠገብ በተወዛዋዥ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በማግስቱ አባቷ አቶ ሃሪሰን ለበዓሉ ወደ ቤት ሊወስዳት ይመጣል፤ ቢጠብቅ ትቀርበታለች፤ መፈለግ ይጀምራል። የቤቱ ኀላፊ ወይዘሮ ማክ ወደ ቤተ ሰብ ለመሄድ ሻንጣዋን ዘግታ ታክሲ እያስጠበቀች ሳለ የጠፋች ድመት ፍለጋ ወደ ቆጡ ስትወጣ ትገደላለች። ለበዓል ሄዳለች ተብሎ ስለሚታሰብ የሚፈልጋት የለም። በዓል ሰውን ይሰበስባል ይባላል፤ ሙር ግን ያየው ሌላውን ገጽ ነው፤ በበዓል ሰሞን ሰው ቢጠፋ «ቤተ ሰቡ ዘንድ ሄዷል» ይባልና ይታለፋል። ከፊልሙ ትርኢቶች ሁሉ በጥበቡ የሚልቀውም በዚሁ በዓል ላይ የቆመ ነው። ሕፃናት በደጃፍ ተሰልፈው የገና መዝሙር ይዘምራሉ፤ የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ጄስ በሩን ከፍታ ፈገግ ብላ ታዳምጣለች፤ በዚያችው ደቂቃ ጓደኛዋ ባርብ ፎቅ ላይ በመስታወት ጌጥ ተወግታ ትሞታለች። የሕፃናቱ መዝሙር ጩኸቱን ይሸፍነዋል። አዘጋጁ ሁለቱን በአንድ ምት ሲያያይዛቸው ተመልካቹ መዝሙሩ እንዲያልቅም እንዳያልቅም ይመኛል።

ፍጻሜውን ለመመርመር ስለ ጄስና ስለ ፒተር ማወቅ ያስፈልጋል። ጄስ አርግዛለች፤ ፅንሱንም ለማስወረድ ወስናለች። ወዳጇ ፒተር የፒያኖ ተማሪ ነው፤ ውሳኔዋን በሰማበት ቀን ፈተናው ላይ ይወድቃል፤ በንዴት ፒያኖውን ይሰባብራል፤ ማታ ወደ ቤቱ መጥቶ ይጣላታል። በጠቡ መካከል ነገሩን ኪንታሮት እንደማስቆረጥ አቀለልሽው ይላታል። ከዚያ በኋላ ያ የማይታወቅ ደዋይ ሲደውል ይህንኑ የኪንታሮት ነገር ይደግመዋል።

ጄስ በዚህ ቃል ትደነግጣለች፤ ፖሊሶቹም ሲሰሙ ፒተርን ይጠረጥራሉ። ሙር እዚህ ላይ ያጠመደው ወጥመድ ረቂቅ ነው። ቃሉን የሚያውቀው ከተናገረውና ከሰማችው በቀር ማን ሊሆን ይችላል? መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ጠቡ ሲካሄድ በቤቱ ውስጥ ሆኖ ያዳመጠ ሰው። ስለዚህ በፒተር ላይ የሚቀርበው ትልቁ ማስረጃ፣ በጥሞና ለመረመረው፣ ገዳዩ ከጣሪያው ሥር መሆኑን የሚያመለክት ነው። ማስረጃው በእጃቸው ሳለ በተሳሳተው በኩል ያነብቡታል።

በዚያ ዘመን የስልክ ጥሪን ምንጭ ማግኘት እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም። የስልክ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በማዞሪያ መሣሪያዎቹ መደርደሪያዎች መካከል እየሮጠ መሥመሩን በዐይኑ ይከተላል፤ ደዋዩም እስኪደረስበት ድረስ መሥመሩን መያዝ አለበት። ቁጥር በመስታወት ላይ ወዲያው ሲበራ የሚያይ የዛሬ ወጣት ይህን ረጅም ትርኢት ሊሰለቸው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ውጥረቱ ሁሉ ያለው በዚያ ሩጫ ላይ ነው። በመጨረሻ መሥመሩ ተከትለውት ሲደርሱ ጥሪው የመጣው ከዚያው ቤት፣ ከሌላው ስልክ ሆኖ ይገኛል። ጄስ ከቤቱ እንድትወጣ ትነገራለች። አትወጣም፤ ጓደኞቿን ትጣራለች፤ የእሳት መቆስቆሻ ብረት ይዛ ወደ ፎቅ ትወጣለች። የሁለቱን ጓደኞቿን አስከሬን ታገኛለች፤ በበሩ ክፍተት አንድ ዐይን ሲያያት ታያለች፤ ድምፁም ያንን የቢሊንና የአግነስን ነገር ሲናገር ትሰማለች። ሸሽታ ምድር ቤት ትደበቃለች። ፒተር በመስኮት ሰብሮ ሲገባ፣ በጨለማ ሲቀርባት፣ በያዘችው ብረት ትገድለዋለች።

ፖሊሶቹ ደርሰው ሲያገኟት የፒተር አስከሬን ከእርሷ ጋር ነው። ወደ መኝታ ተወስዳ የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣታል። በአልጋዋ ዙሪያ የቆሙት ወንዶች ነገሩ እንዳለቀ ይነጋገራሉ። የክሌር አስከሬን ገና አልተገኘም፤ አባቷ እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሞ ይህን ሁሉ ሲሰማ ራሱን ስቶ ይወድቅና ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ልጁ ከራሱ በላይ፣ በጥቂት ክንድ ርቀት ላይ ናት። ሁሉም ይወጣሉ። ካሜራው ብቻ ይቀራል፤ ከተኛችው ልጅ ይለይና በባዶው ቤት ተጉዞ ወደ ቆጡ ይወጣል። ድምፁን እንሰማለን። ክሌርንና ወይዘሮ ማክን እናያለን። ከዚያም ውጭ ነን፤ አንድ ፖሊስ በሩን ይጠብቃል፤ ስልኩ ይጮኻል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው የእኛ ተረት እዚህ ተገልብጧል፤ እነዚህ የብብታቸውን አጥብቀው ይዘው ወደ ቆጡ ቀና ማለትን አላሰቡም።

እንግዲህ አሻሚው ምንድን ነው? ፒተር ገዳይ እንዳልነበረ ተመልካቹ ያውቃል፤ በዚህ ላይ ፊልሙ ጥርጣሬ አልተወም። የሚያከራክረው የጄስ ዕጣ ነው። ሞታለች የሚሉ ሰዎች የጥሪዎቹን ሥርዓት ይጠቅሳሉ፤ ገዳዩ ሰው በገደለ ቁጥር ይደውላል፣ አሁን ከደወለ ሌላ ሰው ገድሏል ማለት ነው ይላሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በግብዣው ጊዜ ልጃገረዶቹ ተሰብስበው የሚሰሙት ጥሪ ከክሌር ሞት ይቀድማል፤ ስለዚህ ሥርዓቱ ራሱ አልጸናም። ለእኔ የበለጠ የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው። በቆጡ ላይ ስልክ አላየንም፤ ይደወል የነበረው ከወይዘሮ ማክ ስልክ ነው። ደዋዩ እርሱ ከሆነ ከቆጡ ወርዷል ማለት ነው፤ ወደ ተኛችው ልጅ ቀርቧል። ደዋዩ እርሱ ካልሆነ ደግሞ፣ አንድ ወላጅ ወይም አንድ ጋዜጠኛ ከሆነ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ስልክ ለማንሣት የሚችል የነቃ ሰው እንደሌለ ብቻ ይነግረናል። በሁለቱም መንገድ ጄስን የሚጠብቃት የለም። በመናፈሻ ውስጥ ተገድላ የተገኘችውን የ13 ዓመት ልጅ ማን እንደገደላትም ፊልሙ አይናገርም፤ ያም መዝገብ በፒተር ስም ሳይዘጋ አይቀርም።

ፖሊሶቹን ደደቦች አድርጎ ማቅረብ ቀላል ነበር፤ አንዱ በእርግጥ እንዲያ ነው። ሃምሳ አለቃ ናሽ ክሌር ጠፋች ሲሉት ከወንድ ጋር ሄዳ ይሆናል ይላል፤ ስለ ስልኩ ጸያፍ ንግግር ሲነግሩትም ከወዳጆቻቸው አንዱ እየቀለደ ነው ብሎ ያሰናብታቸዋል። ተመልካቹ ይስቅበታል። አለቃው መቶ አለቃ ፉለር ግን አስተዋይ፣ ትጉህ፣ ልጃገረዶቹንም የሚያምን ሰው ነው። የተሳሳተውን መደምደሚያ የሚያጸናው ይህ ደጉ ሰው መሆኑ የድርሰቱ ጥንካሬ ነው። ፉለርን ያሳተው ስንፍና አይደለም፤ ታሪኩ ማማሩ ነው። የተጣሉ ወዳጆች አሉ፤ ቁጡ ወጣት አለ፤ የተሰባበረ ፒያኖ አለ፤ የተጸነሰ ልጅ አለ። ምክንያት አለ። ምክንያት ያለው ወንጀል አእምሮን ያሳርፋል፤ ቆጡ ላይ ያለው ሰው ግን ምክንያት የለውም፤ ቢኖረውም ለእኛ አይነገርም።

ይህን ሁሉ ሊያፈርስ የሚችል አንድ ምስክር አለ። ዐይኑን ያየችው፣ ከበሩ በስተኋላ ቢሊ የሚለውን ስም በገዛ ጆሮዋ የሰማችው ጄስ ናት። እርሷ እንድትተኛ ተደርጓል። በደግነት ነው የተደረገው፤ ሐኪሙም ፖሊሶቹም አዝነውላት ነው። የሚያውቀው ሰው ተኝቷል፣ የሚናገሩት አያውቁም፤ እኛ ለመድረክ የምንጽፍ ሰዎች እንዲህ ያለ የመጨረሻ ገቢር ለመሥራት ብዙ ወረቀት እናበላሻለን። ክላርክና ሙር ያለ አንድ ትርፍ ቃል ሠርተውታል።

ጄስ በዚያ ዘመን የቆመችበትን ስፍራ ማስታወስ ተገቢ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ፅንስ ማስወረድ መብት የታወቀውን ውሳኔ የሰጠው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 22 ቀን 1973 ነበር። በካናዳ በ1969 የወጣው ሕግ ጉዳዩን የሆስፒታል ሐኪሞች ኮሚቴ ሲፈቅድ ብቻ እንዲፈጸም ያዝዝ ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በ1988 ነው። የአሜሪካው ውሳኔም በበኩሉ በ2022 ተሽሯል። ፊልሙ በዚህ ክርክር መካከል ሲሠራ ጄስን አያወግዛትም፤ አያወድሳትም፤ ሐሳቧን በእርጋታ ትናገራለች፣ አትለውጥም። ፒተር ግን አይሰማትም። ናሽ አልሰማም፤ ፒተር አልሰማም፤ በመጨረሻ ፉለር ሊሰማት ቢፈልግ እንኳ ተኝታለች። በፊልሙ ውስጥ ለሴቶቹ ንግግር በሚገባ ጆሮ የሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ቆጡ ላይ ያለው ነው።

ይህ ፍጻሜ በቀላሉ አልተገኘም። ከ1934 እስከ 1968 በሆሊዉድ ይሠራበት የነበረው የምግባር ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም እንዳያልቅ ያስገድድ ነበር። ሂችኮክ በ1960 በሠራው «ሳይኮ» እንኳ መጨረሻ ላይ አንድ የአእምሮ ሐኪም ተነሥቶ የገዳዩን ሕመም ለፖሊሶቹና ለእኛ ያብራራል፤ እኔ ያን ንግግር የዚያ ታላቅ ፊልም ደካማው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ደንቡ ቢሻርም ልማዱ አልሞተም ነበር። «ብላክ ክሪስማስን» በአሜሪካ ያከፋፈለው ዋርነር ብራዘርስ ፍጻሜው እንዲለወጥ ጠይቆ ነበር፤ የክሌር ወዳጅ ክሪስ በጄስ ፊት ቀርቦ ያንን የአግነስን ቃል ከተናገረ በኋላ እንዲገድላት፣ ማለትም ለገዳዩ ስምና ፊት እንዲሰጠው ነበር የተፈለገው። ክላርክ እምቢ አለ። የተጠየቀው ለውጥ ቢፈጸም ኖሮ ተመልካቹ ደንግጦ፣ ረክቶ ወደ ቤቱ በሄደ ነበር፤ ፊልሙም ከብዙዎቹ አንዱ ሆኖ ይረሳ ነበር።

በጃንዋሪ 1978 ይህ ፊልም ስሙ ተለውጦ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሊታይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በፍሎሪዳ ግዛት ታላሃሲ ከተማ በአንድ የሴት ተማሪዎች ማኅበር ቤት ሁለት ወጣቶች በሌሊት በተኙበት ተገደሉ። በዚያ ግዛት ፊልሙ እንዳይታይ ተቃውሞ መነሣቱ የሚያስገርም አልነበረም። በዚያው ዓመት ጆን ካርፔንተር «ሃሎዊንን» አወጣ። ክላርክ በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ካርፔንተር ስለ ፊልሙ ተከታይ ጠይቆት እንደነበረና ገዳዩ ተይዞ ከቆየበት ሆስፒታል በሃሎዊን በዓል ሲያመልጥ አስቦ እንደነበረ ተናግሯል፤ ካርፔንተር ሰረቀኝ ግን አላለም። የሁለቱ ፍጻሜ ልዩነት ማየት ያስተምራል። በ«ሃሎዊን» መጨረሻ ገዳዩ ወድቆ ከነበረበት ስፍራ ይሰወራል፤ ወደ ውጭ፣ ወደ ጨለማው ሄዷል። የክላርክ ገዳይ የትም አልሄደም።

ክላርክ በ1983 «ኤ ክሪስማስ ስቶሪ» የተባለውን፣ የአሜሪካ ቤተ ሰቦች ዛሬም በየገናው የሚያዩትን ለስላሳ የሕፃንነት ፊልም የሠራ ያው ሰው ነው። እርሱ በ2007 በመኪና አደጋ ከመሞቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ «ብላክ ክሪስማስ» በሌሎች ሰዎች እንደገና ተሠራ። አዲሶቹ ሠሪዎች ክፍቱን ቦታ ሞሉት፤ ቢሊ የልጅነት ታሪክ፣ እናት፣ በሽታ ተሰጠው፤ አግነስ ማን እንደሆነች ተነገረ። ደሙ ከመጀመሪያው እጅግ በዝቷል። ቢሊ ግን ምክንያት አግኝቷልና እንደ ፒተር ሆኗል፤ ፉለር በመዝገቡ ላይ ጽፎ ሊዘጋው የሚችል ሰው። በ1974ቱ ፊልም ክሌር በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከመንገዱ ቀና ብሎ ለሚያይ ሁሉ ትታያለች፤ ፖሊሱም በሩን ይጠብቃል።